አፌ ሌላ፣ ጣቴ ሌላ

በአንድ ቤት ውስጥ ስንት አገር እንዳለ ማወቅ የፈለገ ሰው ስልኮቹን ይቁጠር። እኛ ቤት እራት ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ሁሉም በየሶፋው ጥግ ሲሸጎጥ ለተመልካች አንድ ቤተሰብ እንመስላለን እንጂ እያንዳንዳችን ወደየአገራችን ገብተናል። በአክስቴ አገር ሕዝቡ በሙሉ ይታመማል፤ ታሞ ይድናል፤ ድኖ ያለቅሳል። በታናሽ ወንድሜ አገር አርሰናል ዓመቱን ሙሉ አንድ አጥቂ ሊያስፈርም ጫፍ ላይ ደርሷል። የእህቴ ልጅ አገር ነዋሪዎች ሥራ የሚባል ነገር የላቸውም፤ መስታወት ፊት ቆመው ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። በእኔ አገር ደግሞ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ጣታቸውን እየቀሰሩ ስለ ዶላር ምንዛሪ ይጮኻሉ። ቤቱ አንድ፣ ዋይፋዩ አንድ፣ ሰዓቱም አንድ ነው።

ጉዱ የሚመጣው ጠዋት ስንገናኝ ነው። «ሰዉ ሁሉ እኮ የሚያወራው ስለዚያች ልጅ ነው!» ይላሉ አክስቴ። የትኛዋ ልጅ? ከመካከላችን የሰማ የለም። ወንድሜ በበኩሉ ሰዉ ሁሉ ስለ አንድ አሰልጣኝ መሰናበት እያወራ መሆኑን ይነግረናል። ድሮ «ሰዉ ሁሉ» ሲባል ቢያንስ የዕድሩ ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ የታክሲ ሰልፉ ሰው ማለት ነበር። ተጋንኖም ቢሆን ስም ተጠርቶ ሊቆጠር የሚችል ሰው ነበረበት። ዛሬ «ሰዉ ሁሉ» ማለት ስልኬ ለእኔ ብሎ መርጦ ያመጣልኝ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ክርክር ከተነሳ ማንም ማንንም አይረታም፤ ሁሉም በኪሱ የአንድ አገር ሙሉ ምስክር ይዟል።

መራጩ ማን ነው ሲባል ብዙ ሰው «እኔ ነኛ! ፎሎው ያደረግኩት እኔ!» ይላል። እስቲ አሁን ፌስቡካችሁን ክፈቱና ከላይ ወደ ታች ውረዱ። የጓደኛችሁ ልጅ ክርስትና ስንተኛው ላይ ተገኘ? ከእሱ በፊት በማታውቁት ከተማ የሚጣሉ የማታውቋቸው ባልና ሚስት አሉ። አንድ ቻይናዊ ግንድ እየጠረበ ወንበር ይሠራል። አንድ ሰው ሐብሐብ በጎማ ማሰሪያ እያስጨነቀ ሊያፈነዳው ነው፤ እሱን ደግሞ እስኪፈነዳ ጠብቃችሁታል። እነዚህን ሁሉ ማን ጠራቸው?

እ.ኤ.አ. በ2004 ፌስቡክ ሲጀመር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የወዳጅን ወሬ ለማወቅ በስሙ ፈልጎ ገጹ ድረስ መሄድ ግድ ይል ነበር። በ2006 የሁሉን ሰው ወሬ አንድ ቦታ ላይ የሚያዘንበው ኒውስ ፊድ መጣ። ተጠቃሚዎቹ ክፉኛ ተቆጡ፤ የተቃውሞ ቡድን አቋቋሙ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተመዘገቡበት። ተቃውሞው እንዴት እንዲህ ፈጥኖ ተዛመተ ብትሉ፣ በዚያው በተቃወሙት በኒውስ ፊድ አማካይነት ነው። እንደ እኔ ግምት ኩባንያው የዚያን ቀን የተማረውን እስከ ዛሬ አልረሳም። በዚያው ዓመት አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ገጹ ሳያልቅ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚወረድበትን ዘዴ ነደፈ፤ በኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቷል። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው። የሬዲዮ ዜና አንባቢ እንኳ «ዜናችንን በዚህ እናበቃለን» ብሎ ይሰናበታል። ይህኛው ግን ማንም «ደህና እደሩ» የማይልበት ስርጭት ሆነ። ኢንስታግራም ደግሞ በ2016 አዲሱን ከላይ የማስቀደም ልማዱን ትቶ «ትወዱታላችሁ ያልኩትን አስቀድማለሁ» አለ።

እሺ፣ የምንወደውን ከየት አወቀው? አልጠየቀንማ። ቢጠይቀን ኖሮ ሁላችንም የተዘጋጀ ጨዋ መልስ ነበረን። ምን ማየት ትወዳለህ ብትሉኝ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ አንዳንዴም ስለ ንብ ማነብ እላለሁ። ማሽኑ ግን አፌን አይሰማም፤ የሚሰማው አውራ ጣቴን ነው። አውራ ጣቴ ደግሞ ስለ ንብ ማነብ የተሠራውን ትምህርታዊ ቪዲዮ በአክብሮት ያሳልፍና ሁለት ጎረቤታሞች በፍሳሽ ውሃ የተነሳ ሲጣሉ ሲያይ ይቆማል። ሴትዮዋ መጥረጊያውን ልታነሳ ነው፣ ኧረ አነሳችው! እንግዲህ ይህን ካየ በኋላ ማሽኑ ስለ ንብ ምን ሊያስብልኝ ይችላል?

ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ በ2021 ከ100 በላይ ሰው መሳይ አካውንቶች ፈጥሮ ቲክቶክ ላይ ለቀቃቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዝንባሌ ሰጣቸው። ያገኘው ውጤት አጭር ነው፦ ቲክቶክ ሰውን ለማወቅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አንድ ቪዲዮ ላይ የቆየበት ጊዜ ነው። ላይክ ባታደርግም መቆምህ ይበቃል። የአንዳንዶቹን አካውንቶች ዝንባሌ ለማወቅ 40 ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ እየሞከረች ነው፤ እስካሁን ሽንኩርት የበዛበት ወጥ እንደማልወድ አላወቀችም።

ነገሩ ሰው ቤት የተጋበዘን ይሉኝተኛ እንግዳ ይመስላል። እንግዳው ዱለት አይወድም። የቤቱን እመቤት ላለማሳፈር ሲል፣ ከፊቱ ቶሎ እንዲጠፋለት፣ እየተጣደፈ ይጨርሰዋል። እሷ ባዶ ሰሃን ታያለች፤ «ወዶታል!» ትላለች፤ ማንኪያዋን ይዛ ትመጣለች። «በሞቴ!» እንግዳው «ጠግቤያለሁ፣ እውነቴን ነው» ቢል ማን ያምነዋል? በእኛ አገር ጠግቤያለሁ ማለት ጨምሩልኝ ማለት ነው። አልጎሪዝም የሚባለው ፍጥረት ሰሃን እንጂ ፊት አያይም።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ባልደረባ አለን። ቲክቶክ ላይ ላይቭ እየገባ ሰው የሚሳደብ አንድ ልጅ አለ፤ ባልደረባችን ይጠላዋል። ጥላቻው የሚያስቀና ታማኝነት አለው። ማታ ማታ ሳያሰልስ ይገባል፤ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፤ «አሳዳጊ የበደለህ!» ብሎ ጽፎ ይወጣል። በማግስቱ በሻይ ሰዓት «ይህን ባለጌ ለምን እንደሚያመጡብኝ አይገባኝም» ይለናል። ለእኛ ይገባናል። ማሽኑ ያየው ገባ፣ ቆየ፣ ጻፈ የሚለውን ብቻ ነው፤ የጻፈው ርግማን ይሁን ምርቃት ሂሳቡን አያናጋውም። የልጁ እናት እንኳ እንዲህ አዘውትረው የሚጎበኙት አይመስለኝም።

ይህ የእኔ ሐሜት ብቻ አይደለም። ፌስቡክ ከ2017 ጀምሮ ያቺን የተቆጣች ፊት ጨምሮ ስሜት ገላጭ ምልክቶቹን ከላይክ አምስት እጥፍ ይመዝናቸው ነበር። ማለትም ወዳጃችሁ ልጁን ሲያስመርቅ ላይክ ብታደርጉለት አንድ ነጥብ፤ አናዳጅ ነገር አይታችሁ ብትበግኑ አምስት። የቁጣዋ ፊት ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። በቀጣዩ ዓመት ፍራንሲስ ሃውገን የምትባል የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ የውስጥ ሰነዶች ይዛ ወጥታ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር፣ በዚህ አሠራር የተነሳ የብሔር ግጭት ይባባስባቸዋል ብላ ስማቸውን ከጠራቻቸው አገሮች አንዷ የእኛዋ ነበረች። እዚህ ላይ ቀልድ አይመጣልኝም፤ ልለፈው።

ዩቲዩብ በበኩሉ እስከ 2012 ድረስ የሚቆጥረው ስንት ሰው ከፈተው የሚለውን ነበር። በዚያ ዓመት ሚዛኑን ለወጠና ስንት ደቂቃ ቆየ የሚለውን ማስቀደም ጀመረ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የእኛን «ሰበር መረጃ» አቅራቢዎች በአዘኔታ ነው የማያቸው። ሰውየው ደቂቃ መሙላት አለበት። ፎቶው ላይ ቀይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ የአንድ ባለሥልጣን ጆሮ ላይ ያነጣጥራል፤ ጆሮው ዙሪያውን በቀይ ተከቧል። ትከፍታላችሁ። «ቤተሰቦቼ እንዴት ናችሁ?» ደህና ነን። ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር፤ የደወሏን ምልክት አትርሱ። ትናንት ያለው በአጭሩ ይደገማል፤ አጭሩ ረጅም ነው። «ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት» አንድ ማስታወቂያ። ከዚያ ዋናው ጉዳይ ይመጣል፦ ጉዳዩን እየተከታተልን እናቀርብላችኋለን። ስለ ጆሮው ትንፍሽ የለም። የተሰበረ ነገር ካለ የእኛ ትዕግሥት ነው፤ ለማሽኑ ግን የወደድነውን ነገር እስከ መጨረሻው የተመለከትን ደንበኞች ነን። ነገም ሌላ ጆሮ ይጠብቀናል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ስልኩን ጣሉት የሚሉ መካሪዎች አሉ። ምክራቸውን ያገኘሁት ቲክቶክ ላይ ነው፤ ክፍል ሁለት እንዳያመልጣችሁ ብለዋል። እኔ ስልኬን አልጥልም። የሚያመጣውን ነገር በመጠኑ ማዘዝ እንደሚቻል ግን አውቃለሁ፤ ማዘዣዎቹም አሉ። ያሉት በእያንዳንዱ ቪዲዮ ጥግ፣ ላለመታየት በተጠነቀቁ ሦስት ነጥቦች ውስጥ ነው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ጣትን ቪዲዮው ላይ ጫን አድርጎ ማቆየት ያስፈልጋል። ላይክ መሃል ገበያ ተቀምጦ «አልፈልግም» ጓሮ መኖሩን ታዝባችሁ አልፋችሁ ይሆናል።

ጓሮ ደርሶ ቁልፉን የተጫነ ሰው ምን አተረፈ? ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ በ2022 ከ20,000 በላይ በጎ ፈቃደኞችን ይዞ ይህንኑ ዩቲዩብ ላይ መርምሮ ነበር። ዲስላይክ መጫን ከማይፈለጉት ቪዲዮዎች 12 በመቶውን ብቻ አስቀረ። «ኖት ኢንተረስትድ» የሚለው 11 በመቶ። ያዩትን ከታሪክ ዝርዝር ውስጥ መሰረዝ 29 በመቶ። «ዶንት ሪኮሜንድ ቻናል»፣ ማለትም ይህን ቻናል ሁለተኛ እንዳታመጣብኝ የሚለው፣ 43 በመቶ። ዩቲዩብ ጥናቱን ተችቷል፤ ይተች። እኔ ቁጥሮቹን ሳነባቸው ሰሃን ላይ እጁን የከደነውን እንግዳ አየሁ። በጨዋ ደንብ «ይህ ቪዲዮ ብዙም አይመቸኝም» ማለት ዋጋ የለውም። «ይህ ሰውዬ ከነቻናሉ፣ ከነቀስቱ፣ ከነደወሉ ይውጣልኝ» ማለት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚቸገረው።

አክስቴን ይህን ቁልፍ ላስተምራቸው አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ይህ ሰውዬ ያስፈራዎታል አይደል?»

«ያስፈራኛል እንጂ! ትናንት ማታ ዓለም ልታልፍ ነው ብሎ እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ።»

«እንግዲያው እዚህ ጋ ይንኩ። ሁለተኛ አይመጣም።»

ጣታቸው መንገድ ላይ ቆመ። «ያውቃል?»

«ምኑን?»

«እኔ እንደዘጋሁት ነዋ።»

«አያውቅም፣ እትዬ።»

«እንዴት አያውቅም? ስንት ሰው እንዳየው ከሥር ተጽፎ የለም እንዴ? አንድ ሲጎድልበት አያይም?»

«የሚያየው እኮ አራት መቶ ሺህ ሰው ነው።»

«ይሁን። ሁሉም እንዳንተ ቢያስብ ሰውዬው ምን ሊበላ ነው? ልጆች አሉት እኮ፤ ባለፈው ትንሿን አቅፏት ወጥቶ ነበር።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ካሊፎርኒያ ተቀምጠው ይህን ቁልፍ የነደፉ መሐንዲሶችም ያላቸው አይመስለኝም። እነሱ ያሰቡት የማይፈልገውን ነገር ለመዝጋት ዝግጁ የሆነ ሰው ነው። የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ የሚያሳቅቃት ሴት በስሌታቸው ውስጥ አልነበረችም። አክስቴ የማይወዱትን ሁሉ የሚያዩት ወደው አይደለም፤ ሰው ማስቀየም ስለማይሆንላቸው ነው። ማሽኑ ደግሞ ይሉኝታን ፍቅር ነው ብሎ ይመዘግበዋል። የስንቱ ሰው ስልክ እንዲህ በይሉኝታ ተሞልቷል! «አብሮኝ የተማረ ነው፣ ካላየሁለት ቅር ይለዋል» ተብሎ የሚታይ የሪል እስቴት ማስታወቂያ፤ የባለቤቴ ዘመድ ናት ተብሎ ላይክ የሚደረግ የቅባት ንግድ።

ለዘመድ እንኳ መፍትሔ አለው። ፌስቡክ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሰውን ለ30 ቀን ብቻ ዝም ማሰኘት የሚቻልበት ቁልፍ አለው፤ ሰውየው ጓደኛ ሆኖ ይቆያል፤ ምንም መልእክት አይደርሰውም። ጓደኝነቱን ሳያፈርሱ አንፎሎው ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ለማንም አይነገርም። ለይሉኝተኛ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ቴክኖሎጂ ተሠርቶ አያውቅም። በየማለዳው የራሳቸውን ፎቶ ከጥቅስ ጋር የሚለጥፉትን የአንድ ዘመዳችንን ገጽ እንዲህ ልናሳርፍ ስንል አክስቴ አሰቡበት።

«ወሩ ሲሞላ ይመለሳል?»

«በራሱ ይመለሳል።»

«እንግዲያው ኩርፊያ አይባልም» አሉና ተጫኑት።

ዓለም ልታልፍ ነው የሚሉት ሰውዬ ግን እንደተከበሩ ቆዩ። ከዕለታት አንድ ቀን ሰውዬው ቡና ማፍላት የሰነፎች ሥራ ነው የሚል ንግግር አደረጉ። አክስቴ ረከቦታቸው ፊት ነበሩ። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፤ ሦስቱን ነጥቦች ያለ ማንም እርዳታ አገኟቸው። ስለ ልጆቹ ያነሳ ሰው አልነበረም።

በእኔ እምነት ከቁልፎቹ ሁሉ የሚበረታው ታሪክን ጠቅላላ ማጥፋት ነው። ቲክቶክ በ2023 ፊድን እንደ አዲስ መጀመር የሚያስችል ቁልፍ አወጣ፤ ኢንስታግራምም በ2024 መጨረሻ ተመሳሳዩን ይዞ መጣ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ የታዩ ቪዲዮዎችን ታሪክ ማጥፋትና ምዝገባውንም ጭምር መዝጋት ይቻላል። ከ2023 ወዲህ እንዲህ ላደረገ ሰው የመግቢያ ገጹ ባዶ ሆኖ ይቀርብለታል። መፈለጊያው ሳጥን ብቻ ከላይ ይቀራል፤ ቀስት የለ፣ ጆሮ የለ። ምን ልይ የሚለውን ራስ መመለስ ነው እንግዲህ። ብዙ ሰው ይህን ባዶ ገጽ አይችለውም። ጎረቤታችን ልጃቸው ስልካቸው ላይ እንዲህ ቢያደርግባቸው ተበላሸ ብለው ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ወሰዱት። ጠጋኙ ስልኩን ገልበጥ መለስ አድርጎ «ሶፍትዌሩ ሄዷል፣ ይጫናል» አለና ማታ ተመለሱ አላቸው። ማታ ሲሄዱ ቀስቱም ጆሮውም ተመልሷል። ከፍለው፣ አመስግነው ተመለሱ።

የቀለለ ነገር ለሚፈልግ ኢንስታግራም ከ2022 ጀምሮ የምትከተሏቸውን ሰዎች ብቻ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳይ ገጽ አለው፤ ፌስቡክም በዚያው ዓመት «ፊድስ» የሚል ጨምሯል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም አይጸኑም። ወጥታችሁ ስትመለሱ በዚያው በቀድሞው ዱለት ይቀበሏችኋል።

ፍራንክፈርት የሚኖር የአጎቴ ልጅ ከእኛ የተሻለ መብት አለው። የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ መሠረት ትልልቆቹ መድረኮች ከነሐሴ 2023 ወዲህ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የግል ባሕርይን ያልተከተለ አማራጭ ለተጠቃሚው ማቅረብ ግዴታቸው ነው። የአጎቴ ልጅም በኩራት ደውሎ ቲክቶኩ እንዳይሰልለው መዝጋቱን ነገረኝ። እንዲህ ለዘጋ ሰው ቲክቶክ የሚያቀርብለት በሚኖርበት አካባቢና በዓለም ላይ ተወዳጅ የሆነውን ነው። የሚኖርበት አካባቢ ደግሞ ጀርመን ነው። የአበሻው ሠርግ ጠፋ፤ እስክስታው ጠፋ፤ የእንጀራ ምጣድ ግምገማው ጠፋ። በምትካቸው ረጋ ያሉ ጀርመኖች ድንች እየላጡ መጡ። ጥቂት ታገሠ። በኋላ ስደውልለት ከጀርባው ዋሽንት ይሰማል። «መልሼ ከፈትኩት» አለኝ፤ «መሰለልስ በአገር ቋንቋ ነው።»

ቴሌግራምን ያላነሳሁት ረስቼው አይደለም። ቻናሎቹና ግሩፖቹ ውስጥ የሚመጣው በመጣበት ቅደም ተከተል ነው፤ የሚመርጥ ማሽን የለም። የቤተሰባችን ግሩፕ ውስጥ ግን ታላቅ አጎታችን አሉ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የነጭ ሽንኩርትን ጥቅም፣ የሚመጣውን የፀሐይ ግርዶሽና «ለአሥር ሰው ካላስተላለፉ» የሚለውን ሁሉ ያስተላልፋሉ። ማሽን ቢሆኑ ታሪካቸውን እንሰርዝ ነበር። ድምፅ ማጥፊያው «ለሁልጊዜ» የሚል አማራጭ አለው፤ ከግሩፑ አባላት ስንቱ እንደተጠቀመበት በልደታቸው ቀን ታየ።

ስለ ኢንተርኔት ጥቅል ጉዳይ አንዲት ነገር ብቻ ልበል፦ ቪዲዮ በራሱ እንዲጀምር የሚያደርገውን ቅንብር ዝጉት። ያልጠራችሁት ሰው በእናንተ ብር እንዲያወራ መፍቀድ ምን የሚሉት ደግነት ነው?

ከመከልከል ሌላ ማስተማርም ይቻላል፤ ይህን ያወቅኩት ግን በክፉ መንገድ ነው። የሚፈልጉትን ነገር ሆን ብሎ መፈለግ፣ ላዩ ላይ መቆየት፣ እስከ መጨረሻው ማየት፤ ማሽኑ ሰነፍ ተማሪ አይደለም። አንድ ሰሞን ስልኬ የኪችን ካቢኔት ማሳየት አበዛ። ዶላሩን እየጠበቅኩ ካቢኔት፤ ዜና ስከፍት ካቢኔት፤ ነጭ ካቢኔት፣ ግራጫ ካቢኔት፣ በሩ ሳይንኳኳ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ካቢኔት። ሰዉ ሁሉ ወጥ ቤቱን እያደሰ እኛ ብቻ የቀረን መሰለኝ።

«ምንድን ነው የምታየው?» አለችኝ ባለቤቴ አንድ ማታ፣ ከትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ።

«ካቢኔት ነው፤ ለምን እንደሚያመጣብኝ እንጃ።»

«አየህ? ስልክህ እንኳ ገብቶታል» አለችና ሄደች።

ቆይቼ ታሪኬን ላጸዳ ገባሁ። ጎግል የተፈለገውን ሁሉ ከነሰዓቱ መዝግቦ ያስቀምጣል። «ዘመናዊ የኪችን ካቢኔት ዋጋ በአዲስ አበባ» የሚለው ፍለጋ የተደረገው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ አንኮራፋለሁ፤ ምስክር ካስፈለገ ይህንኑ ዘወትር የምታማርረው ራሷ ባለቤቴ ናት። ከሥሩ ሌላ ፍለጋ አለ፤ ከእሱም ሥር ሌላ። አንዱን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አይታዋለች፤ ላይክም አድርጌለታለሁ። ማሽኑ አውራ ጣትን እንጂ የአውራ ጣቱን ባለቤት አይጠይቅም። ስለ ሽንኩርቱ አታውቅም ያልኳት ሴት አልጎሪዝሙን ከእኔ አስቀድማ ገርታዋለች።

ጠየቅኳት። አልካደችም። «ብነግርህ አትሰማም፤ እሱን ትሰማለህ» አለችኝ።

ካቢኔቱ ተገዝቶ ተገጥሟል፤ ግራጫው ነው፤ በሩም በእርግጥ ሳይንኳኳ ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ምንጣፍ ማሳየት ጀምሯል። ባለትዳር አንባቢዎች፣ ከመተኛታችሁ በፊት ስልካችሁን ቆልፉ።